የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሥርዓተ አምልኮ ለምን ፍርድ ቤት ይመላለሳል?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ የጸደቀው በ1791 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማሻሻያው መንግሥት በሰው ሃይማኖት ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ይከለክላል። ዘጠና ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1883፣ የዚያው አገር የአገር ውስጥ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት አንድ ደንብ አወጣ። ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆነ ሰው የፀሐይ ጭፈራ የሚባለውን ሥርዓት ሲፈጽም ከተገኘ ቀለቡ እስከ 10 ቀን ይቆረጥበታል። ከደገመ ደግሞ ቀለቡ ከ15 እስከ 30 ቀን ይቋረጣል፤ አለዚያም እስከ 30 ቀን ይታሰራል።

የቀለቡ ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በዚያን ጊዜ የሜዳማው ምድር ሕዝቦች በተከለለላቸው መሬት ላይ እንዲቀመጡ ተደርገዋል። ይተዳደሩበት የነበረው የጎሽ መንጋ በአደን አልቋል። የሚበሉት መንግሥት የሚያድለውን ሥጋና ዱቄት ነው። እሱም ምጽዋት አልነበረም፤ ብዙዎቹ መሬታቸውን በውል ሲለቁ በምትኩ ቃል የተገባላቸው ነው። ደንቡ ባጭሩ «ብትጸልይ ልጆችህ ይራባሉ» የሚል ነበር።

የፀሐይ ጭፈራ የሚያደርጉት እነ ላኮታ፣ ሻየን፣ አራፓሆና ብላክፉት ናቸው። ጊዜው በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ነው። ጭፈራ ይባል እንጂ ጸሎት ነው፣ ያውም ከባድ። በላኮታዎች ዘንድ አራት ቀን ይፈጃል። ኮተንዉድ የሚባል ዛፍ በሥርዓት ይቆረጥና ከመሐል ይተከላል። ሰዎቹ አስቀድመው ወሼባ ገብተው ይነጻሉ። ከዚያ እህልም ውሃም ሳይቀምሱ፣ ከንስር አጥንት የተሠራ ፉጨት እየነፉ፣ ዛፉን ከበው ይጨፍራሉ። አንዳንዶቹ የደረታቸው ቆዳ ተበስቶ እንጨት ይሰካበትና በገመድ ከዛፉ ጋር ይታሰራሉ። ቆዳው እስኪቀደድ ድረስ ወደ ኋላ ይስባሉ። ለምን ለሚል ሰው መልስ አላቸው፦ ሁሉ ነገር የፈጣሪ ነው፤ ሰው የራሴ ብሎ ሊሰጥ የሚችለው ሥጋውን ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜም የሚጨፍረው ሰው ለራሱ አይደለም። ለታመመ ዘመድ ወይም ለወገኑ ስለት ገብቶ ነው።

ሚሲዮናውያኑና የመንግሥት ሹማምንቱ ይህን አረመኔነት ነው አሉ። የነሱ ዕቅድ ሕዝቡን ገበሬና ክርስቲያን ማድረግ ነበር። አራት ቀን ሥራ ፈትቶ የሚጾም ሰው ለዕቅዱ አልተመቸም።

ፍርሃቱ በ1890 ወደ ደም ተለወጠ። ዎቮካ የሚባል የኔቫዳ ሰው፣ ከፓዩት ሕዝብ፣ ራእይ አየሁ ብሎ አንድ ሥርዓት አስተምሮ ነበር። በሰላም ብትኖሩና በክብ ሆናችሁ ብትጨፍሩ የሞቱት ወገኖቻችሁ ይመለሳሉ፣ ጎሹም ይመለሳል የሚል ነው። የመናፍስት ጭፈራ ይሉታል። ትምህርቱ ላኮታዎች ዘንድ ሲደርስ ሹማምንቱ አመፅ ሊነሣ ነው ብለው ወታደር ጠሩ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ዉንድድ ኒ በሚባል ወንዝ ዳር፣ ወታደሩ ተኩስ ከፈተ። የሞቱት ከ150 እስከ 300 ይገመታሉ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ።

ካናዳም ከዚህ አልራቀችም። የሷን ታሪክ ሳነብ ግን የሚገርመኝ የተከለከለው ነገር ዓይነት ነው። በፓስፊክ ዳርቻ የሚኖሩት እነ ክዋክዋካዋክ፣ ሃይዳና ትሊንጊት ፖትላች የሚባል ድግስ አላቸው። ስም ሲወጣ፣ ሠርግ ሲሆን፣ ሰው ሲሞት ይደገሳል። ጭምብል ለብሰው የዘር ሐረጋቸውን ታሪክ በጭፈራ ያሳያሉ። ደጋሹ ባላባት ደግሞ ሀብቱን ለእንግዶቹ ያድላል። ብርድ ልብስ፣ ታንኳ፣ በኋላ ዘመን ዱቄትና የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር። የሰውየው ክብር የሚለካው ባከማቸው ሳይሆን በሰጠው ነው። የመጣው እንግዳም ዝም ብሎ በልቶ የሚሄድ አይደለም፤ ስጦታውን ሲቀበል የደጋሹ ስምና ማዕረግ ምስክር ይሆናል። ጽሕፈት ለሌለው ሕዝብ ድግሱ መዝገብ ቤትም ነበር ማለት ነው።

የካናዳ መንግሥት ይህን በ1884 በሕግ ከለከለ። ሕጉ ከ1885 ጀምሮ ሲሠራ ቅጣቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስር ነበር። ሀብትን አድሎ መጨረስ ለሥልጣኔ ጠንቅ ነው ተባለ። ሕዝቡ ግን በሩቅ ደሴት እየተደበቀ መደገሱን ቀጠለ። በ1921 የገና ሰሞን ዳን ክራንመር የሚባል ባላባት ቪሌጅ አይላንድ በምትባል ደሴት ትልቅ ድግስ አደረገ። ተይዞ 45 ሰው ተከሰሰ። ከእስር ለመዳን የተሰጣቸው ምርጫ ጭምብላቸውንና የሥርዓት ዕቃቸውን ማስረከብ ነው። የተወሰደው ዕቃ ኦታዋና ቶሮንቶ ሙዚየም ገባ፤ ጥቂቱ ኒው ዮርክ ለሚኖር ሰብሳቢ ተሸጠ። እገዳው የቀረው በ1951 ነው። ዕቃው ከፊሉ የተመለሰው ደግሞ ከዚያም በኋላ ሲሆን፣ ለማስቀመጫ የተሠራው የኡሚስታ የባህል ማዕከል አለርት ቤይ ላይ በ1980 ተከፈተ።

አሜሪካ ውስጥ እገዳው በ1934 ላላ። የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ኮሚሽነር የነበረው ጆን ኮሊየር ከእንግዲህ በሥርዓታቸው ጣልቃ አትግቡ የሚል ሰርኩላር በተነ። በ1978 ደግሞ ኮንግረስ ለነባር ሕዝቦች የሃይማኖት ነጻነት የሚል ሕግ አወጣ፤ ፕሬዝዳንት ካርተር ፈረሙበት። የሕጉ አቅራቢ የነበሩት ሞሪስ ዩዳል ራሳቸው በምክር ቤቱ ፊት ሕጉ ጥርስ የለውም ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው። መንግሥት ፖሊሲውን ይናገራል እንጂ፣ የተበደለ ሰው ይዞት ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚያስፈርድለት አንቀጽ የለውም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለመረዳት አይከብድም። መንግሥት ይከለክላል፣ ሕዝቡ ይደብቃል። ውስብስቡ የሚጀምረው ክልከላው ካበቃ በኋላ ነው። ዛሬ የፀሐይ ጭፈራን የሚከለክል ሕግ የለም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ለምን በየጊዜው ፍርድ ቤት ይቆማሉ? ለምንስ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋሉ?

እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሃይማኖት ሲል በዋናነት የሚታየው በልብ ያለ እምነት፣ መጽሐፍ፣ ስብከትና በፈለጉበት የሚሠራ የጸሎት ቤት ነው። እምነቱ ከሰውየው ጋር ይንቀሳቀሳል። የነባር ሕዝቦች ሥርዓት ግን አብዛኛው ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ተክል፣ ከአንድ ወፍ ጋር የተቆራኘ ነው። ያ ተራራ ከሌለ ሥርዓቱ ወደ ሌላ ተራራ አይዛወርም። ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። የጠበሉን ምንጭ በዶዘር ደፍኖ «ማመን ትችላላችሁ፣ ማን ከለከላችሁ?» እንደማለት ነው። የአሜሪካ ዳኞች ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሱት ይህንኑ ነው።

ከተክሉ እንጀምር። ፔዮቴ እሾህ የሌለው ትንሽ ቁልቋል ነው። የሚበቅለው ደቡብ ቴክሳስና ሰሜን ሜክሲኮ ብቻ ነው፤ የሚያድገውም በጣም በዝግታ ነው። ውስጡ ሜስካሊን የሚባል ራእይ የሚያሳይ ንጥረ ነገር አለ። ሜክሲኮ ውስጥ ዊሻሪካ የሚባሉት ሕዝቦች ዊሪኩታ ወደሚባለው በረሃ ረጅም መንገድ ተጉዘው ይለቅሙታል። ለነሱ ጉዞው ራሱ አምልኮ ነው። ወደ አሜሪካ ሲመጣ አጠቃቀሙ ሌላ መልክ ያዘ። በ1918 ኦክላሆማ ላይ የነባር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን በሚል ስም በሕግ ተመዘገበ። ምዝገባው ብልሃት ነበር፤ «ቤተ ክርስቲያን» የተባለን ነገር መክሰስ ለመንግሥት ያሳፍራል።

ሥርዓቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ጸሎት ነው። ምሽት ላይ ድንኳን ውስጥ በክብ ይቀመጣሉ። መሐል ላይ በአፈር የተሠራ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መሠዊያና እሳት አለ። ውሃ የተጨመረበት ከበሮ ይመታል፣ ቅል ይንሿሿል፣ በትሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ በየተራ ይዘመራል። ፔዮቴው ይታደላል። በአንዳንዶቹ ዘንድ የኢየሱስ ስም ይጠራል፣ መጽሐፍ ቅዱስም ይያዛል። ሲነጋ ሴት ውሃ ይዛ ገብታ ትጸልያለች፤ ቀጥሎ በቆሎ፣ ሥጋና ፍራፍሬ ይቀመሳል። ፔዮቴ መራራ ነው፣ ያስመልሳል። ለመዝናናት የሚበላው ሰው ብዙም አይገኝም።

አልፍሬድ ስሚዝ የክላማት ሕዝብ ተወላጅ ነበር። ኦሪገን ውስጥ ከሱስ ማገገሚያ አማካሪ ሆኖ ይሠራል፤ ራሱም ከመጠጥ የተላቀቀ ሰው ነው። እሱና የሥራ ባልደረባው ጌለን ብላክ በሥርዓቱ ላይ ፔዮቴ ቀመሱ ተብለው ተባረሩ። የሥራ አጥ ክፍያ ሲጠይቁ ግዛቱ ጥፋታችሁ ነው ብሎ ከለከላቸው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1990 ፍርድ ቤቱ በነሱ ላይ ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካልያ ነበሩ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አንድ ሕግ ሁሉንም ሰው እኩል የሚመለከትና ሃይማኖትን ለማጥቃት ያልወጣ ከሆነ፣ አንድን እምነት ቢጎዳም እንኳ ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም። የተለየ ፈቃድ የሚፈልግ ሕግ አውጪዎቹን ይጠይቅ።

ይህ ውሳኔ ያስደነገጠው ነባር ሕዝቦችን ብቻ አልነበረም። ዛሬ ለፔዮቴ የሠራ ነገ ለሌላውም ይሠራል። ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም፣ ግራ ዘመሙም ቀኝ ዘመሙም ባንድ ላይ ጮኸ። ኮንግረስ በ1993 የሃይማኖት ነጻነትን መልሶ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ፤ በሴኔቱ 97 ለ3 አለፈ። መንግሥት የሰውን አምልኮ «ክፉኛ የሚጫን» ነገር ካደረገ፣ በጣም አስገዳጅ ምክንያት እንዳለውና ሌላ ቀለል ያለ መንገድ እንደሌለ ማስረዳት አለበት ይላል። በ1994 ደግሞ ኮንግረስ የ1978ቱን ሕግ አሻሽሎ፣ የነባር ሕዝቦች አባላት ፔዮቴን ለሥርዓታቸው እንዲጠቀሙ በአገር ደረጃ ፈቀደ። የተክሉ ሙግት እዚያ ላይ አበቃ ማለት ይቻላል። አሁን ያለው ችግር ሕግ አይደለም፤ ተክሉ በቴክሳስ እየጠፋ መሆኑ ነው።

የንስር ላባውን ባጭሩ ልለፈው። ንስር በሕግ የተጠበቀ ወፍ ስለሆነ ማንም ላባውን መያዝ አይችልም። ለነባር ሕዝቦች ግን ልዩ ፈቃድ አለ። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ፣ በመላ አገሪቱ ሞተው የተገኙ ንስሮች የሚሰበሰቡበት የመንግሥት መጋዘን አለ። አምላኪው ፎርም ሞልቶ ያመለክትና ተራ ይጠብቃል። ሙሉ ወፍ ለማግኘት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ማመልከት የሚችለውም መንግሥት በይፋ ያወቀው ሕዝብ አባል የሆነ ሰው ብቻ ነው። ይፋ የታወቁት ከ570 በላይ ናቸው፤ ያልታወቁትም ጥቂት አይደሉም። ለጸሎት የሚሆን ላባ ከመንግሥት መጋዘን በወረፋ መቀበል እንግዳ ነገር ነው፤ ግን ይሠራል።

የማይሠራው መሬቱ ላይ ነው።

ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺምኒ ሮክ የሚባል ከፍታ አለ። ዩሮክ፣ ካሩክና ቶሎዋ የሚባሉት ሕዝቦች የመድኃኒትና የጸሎት አዋቂዎቻቸው ብቻቸውን የሚወጡበት ቦታ ነው። ጸጥታው የሥርዓቱ አካል ነው። መሬቱ ግን በወረቀት የመንግሥት ደን ነው። የደን መሥሪያ ቤቱ በዚያ በኩል መንገድ ሊያወጣ ፈለገ። የቀረው ቁራጭ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ራሱ ያስጠናው ጥናት መንገዱ እንዲቀር መክሮ ነበር፤ አልሰማም። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 ለመንግሥት ፈረደ። ዳኞቹ መንገዱ ሥርዓቱን እስከማጥፋት ሊያደርስ ይችላል የሚለውን እንኳ እንደ እውነት ወስደው ነው የፈረዱት። መከራከሪያቸው፦ መንግሥት እምነታችሁን እንድትክዱ አላስገደደም፣ በማመናችሁም አልቀጣችሁም፤ በገዛ መሬቱ ላይ የፈለገውን ቢሠራ «መከልከል» አይባልም። መንገዱ ግን በመጨረሻ አልተሠራም። በ1990 ኮንግረስ ቦታውን ከልማት ነጻ አድርጎ ከለለው።

የ1988ቱ ውሳኔ ግን ጸንቶ ቆየ፤ ከ1993ቱ ሕግ በኋላም ሠራ። አሪዞና ውስጥ ለናቫሆ፣ ለሆፒና ለሌሎችም ቅዱስ የሆነ የሳን ፍራንሲስኮ ተራራ ላይ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ አለ። በረዶ ሲያጥር ከተጣራ የፍሳሽ ውሃ ሰው ሠራሽ በረዶ ልርጭ አለ። ናቫሆዎች መድኃኒታቸውን የሚለቅሙት ከዚያ ተራራ ነው። በ2008 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የተነካው «ስሜታችሁ» ብቻ ነው ብሎ መለሳቸው። ፍሳሽ የተረጨበትን ቅዱስ ቦታ የስሜት ጉዳይ ነው ማለት ለኔ በፍጹም አይዋጥልኝም።

የቅርቡና ትልቁ ጉዳይ ኦክ ፍላት ነው። ቦታው አሪዞና ነው፤ አፓቼዎች ቺቺል ቢልዳጎቴል ይሉታል። የኦክ ፍሬ ይለቅሙበታል፣ ይጸልዩበታል፣ ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚደረገውን የንጋት ሥርዓት ይፈጽሙበታል። ሥርዓቱ አራት ቀን ነው። ቤተሰብ ለወራት ይዘጋጅበታል። ክርስትና እናት የመሰለች ሴት ተመርጣ ልጅቷን ትይዛለች። ልጅቷ የሚዳቋ ቆዳ ለብሳ፣ ንስር ላባ ፀጉሯ ላይ ተሰክቶ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞራ ለሰዓታት ትጨፍራለች። ወደ አራቱም ማዕዘን ትሮጣለች። ሰው ሁሉ እየተሰለፈ የፊላ አበባ ብናኝ ይረጭባታል፤ በዚያ ጊዜ እሷ የአፓቼዎችን የመጀመሪያ እናት ስለምትወክል እሷም ትባርካቸዋለች። ሌሊት የተራራ መናፍስትን የሚወክሉ ጭምብል ለባሾች እሳት ዙሪያ ይጨፍራሉ። በመጨረሻው ቀን በሸክላ አፈርና በበቆሎ ዱቄት ትቀባለች። ይህም በእገዳው ዘመን በድብቅ ይደረግ ነበር።

ከቦታው ሥር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ ትልቅ የመዳብ ክምችት አለ። በ1955 የፕሬዝዳንት አይዘንሃወር መንግሥት እዚያ ማዕድን እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር። በ2014 ግን ቦታውን በሌላ መሬት ለውጦ ለማዕድን ኩባንያ የሚሰጥ አንቀጽ በመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ አለፈ። ተቀባዩ ሬዞሉሽን ኮፐር የሚባል ኩባንያ ሲሆን ባለቤቶቹ ሪዮ ቲንቶና ቢኤችፒ ናቸው። ማዕድኑ የሚወጣው ከሥር እየተቦረቦረ ስለሆነ ላዩ ይሰምጣል። የሚፈጠረው ጉድጓድ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚሰፋና 300 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ እንደሚሆን ተገምቷል።

በዌንድስለር ኖሲ የሚመራው አፓቼ ስትሮንግሆልድ የተባለ ማኅበር ከሰሰ። መጋቢት 2024 ላይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ 6 ለ5 ፈረደባቸው። ምክንያቱ ያው የ1988ቱ ነው፤ የራሱን መሬት የሚያስተላልፍ መንግሥት ማንንም አላስገደደም። ግንቦት 2025 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። ዳኛ ጎርሰች ግን ተቃውሞ ጻፉ፤ ዳኛ ቶማስም ደገፏቸው። መንግሥት አንድ ታሪካዊ ካቴድራል ላፍርስ ቢል ፍርድ ቤታችን ዝም ይል ነበር ወይ ብለው ነው የጠየቁት። ሁለቱም ወግ አጥባቂ የሚባሉ ዳኞች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከዚያ ወዲህ ሙግቱ ወደ አካባቢ ጥበቃና ወደ ሌሎች ሕጎች ዞሯል።

ከፍርድ ቤት ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ፤ ኮንግረስ ነው። የኒው ሜክሲኮ ታኦስ ፑዌብሎ ሕዝቦች ብሉ ሌክ የሚባል ቅዱስ ሐይቃቸው በ1906 በቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመን ከመንግሥት ደን ተጠቃለለባቸው። 64 ዓመት ተሟገቱ። ካሳ ሲባሉ ገንዘብ አንፈልግም፣ መሬታችንን አሉ። ትልቁ ጣጣ ደግሞ እዚያ የሚያደርጉት ምስጢር መሆኑ ነው። ቦታው ቅዱስ መሆኑን አስረዱ ሲባሉ ሥርዓቱን መግለጥ አለባቸው፤ ከገለጡት ሥርዓቱ ይረክሳል። እስከ ዛሬ ድረስ ውጭ ሰው አይገባበትም። በ1970 ፕሬዝዳንት ኒክሰን ፈርመው ሐይቁ ከ48,000 ኤከር መሬት ጋር ተመለሰ።

ኦክ ፍላትን ለማዳን የ2014ቱን ልውውጥ የሚሽር ረቂቅ ሕግ ከ2015 ጀምሮ በተደጋጋሚ ለኮንግረስ ቀርቧል። አንዱም አልጸደቀም። ታኦሶች ሲታገሉ ፊታቸው የቆሙት በዋናነት የደን መሥሪያ ቤቱና ክሊንተን አንደርሰን የሚባሉ የራሳቸው ግዛት ሴናተር ነበሩ። አፓቼዎች ፊት የቆሙት ሁለት የዓለማችን ትልልቅ የማዕድን ኩባንያዎች ናቸው።